ልሽጠው ወይስ ላድሰው? ስምንት ዓመት ያገለገለኝ የጌም ኮምፒውተር

መጀመሪያ የተናገረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ኤፍሲ የሚባለውን የኳስ ጌም እየተጫወትን ነበር። ኮርነር ልመታ ስል ስክሪኑ ቀጥ አለ። ግማሽ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ የተጠራቀመው እንቅስቃሴ ሁሉ በአንዴ ተግተልትሎ መጣና ኳሷ የእሱ ተከላካይ እግር ስር ተገኘች። «ይሄ ነገር በቃ ሼባ ሆኗል፤ ሽጠውና አዲስ ግዛ» አለኝ ጆይስቲኩን እያስቀመጠ።

እኔ ደግሞ ይሄንኑ ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳመላልሰው ነው የቆየሁት። ልሽጠው? ላድሰው? ላድሰው ካልኩስ ከምኑ ልጀምር? ባለፉት ወራት ግን ቁርጡን አውቄያለሁ። እንደኔ አሮጌ ማሽን ታቅፋችሁ የምትብሰለሰሉ ብዙ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ያደረግኩትን ከነምክንያቱ እጽፈዋለሁ።

ኮምፒውተሩን የገጣጠምኩት በ2010 ዓ.ም ነው። ፕሮሰሰሩ (ዋናው አስሊ ቺፕ) ራይዘን 5 1600፣ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ቢ350፣ ራሙ (ጊዜያዊ ሜሞሪው) አንድ ፍሬ ባለ 8 ጊጋ፣ ጌሞቹ የሚቀመጡት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሥለው) ደግሞ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ። ካርዱን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ በሹራብ ጠቅልላ በሻንጣዋ ነው ያመጣችልኝ። ያኔ የዋዛ ካርድ አልነበረም። ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ የተጠቃሚዎች ቆጠራ እስከ እ.ኤ.አ 2022 መጨረሻ ድረስ ለዓመታት አንደኛ ሆኖ የቆየ ካርድ ነው። የሚበላው 120 ዋት ብቻ፣ የሚፈልገው አንድ ባለ 6 ፒን ገመድ ብቻ። በጣም ነው የምወደው።

እንግዲህ መቼ ነው መቀየር ያለበት? አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር ልቤ መነሳቱን ትቻለሁ። አዲስ ካርድ ስለወጣ የእኔ ካርድ ትናንት ይሠራ የነበረውን ዛሬ አይከለክለውም። ዘንድሮ ግን ሦስት ነገር ተደራረበብኝ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ፤ የእኔ ራይዘን 1600 ደግሞ የዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የለም። በዚያው ወር የካርዴ ባለቤት ኢንቪዲያ የእኔን 1060 ጨምሮ የጂቲኤክስ 10 ቤተሰብን ከጌም ድራይቨር (ካርዱን ለአዳዲስ ጌሞች ከሚያዘጋጀው ሶፍትዌር) አሰናበተው። ሦስተኛው፣ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ጥላና ነጸብራቅ የሚሥል ዘዴ) የሚሠራ ካርድ ከሌለ ጭራሽ የማይከፈቱ ጌሞች መጡ። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2024 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም እንደዚያ ነው፤ በግንቦት 2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስም እንደዚያው።

ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጊዜ ይሰጣሉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ተመዝግባችሁ የደኅንነት ማሻሻያውን ለአንድ ዓመት ማራዘም ይቻላል። ኢንቪዲያም የደኅንነት ድራይቨሩን እስከ እ.ኤ.አ 2028 እሰጣለሁ ብሏል። ሦስተኛው ግን ግድግዳ ነው፤ ሴቲንግ ብትቀንሱ፣ ሬዞሉሽን ብታወርዱ አያልፍም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ልትጫወቱት የምትፈልጉት ጌም ከግድግዳው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? የምትጫወቱት ዶታ፣ ቫሎራንትና ኳስ ከሆነ ገና ጊዜ አላችሁ።

ስለ መጠበቅ ግን አንድ ያንገበገበኝን ነገር ልንገራችሁ። የውጭዎቹ ዩቲዩበሮች ሁልጊዜ «ታገሱ፣ ይረክሳል» ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው። እኔ በ2016 መጀመሪያ ላይ ራይዘን 5 5600 ልገዛ ብሩን አዘጋጅቼ ነበር። ሲወጣ 199 ዶላር የነበረ ፕሮሰሰር ነው፤ እየረከሰ ስለነበር ትንሽ ልቆይ አልኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ መቶን አለፈ፣ በዓመቱ ደግሞ ከ130 በላይ ሆነ። 199 ዶላርን በ57 ስትመቱት 11 ሺህ 343 ብር ነው፤ በ130 ስትመቱት 25 ሺህ 870። ዕቃው እዚያ ማዶ ሲረክስ እኛ ጋ ተወደደ። በዚያ ላይ ከእ.ኤ.አ 2025 መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ማዕከላት የሜሞሪ ቺፕ ስለሚሻሙ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ተሰቀለ። ስለዚህ አሁን ደንቤ እንዲህ ነው፤ የሚያስፈልገኝን በልክ ካወቅኩ፣ ብሩ በእጄ ካለና ዕቃው ፊት ለፊቴ ካለ እገዛለሁ። የሚያስፈልገኝን ካላወቅኩ ግን ቢረክስም አልገዛም።

ማወቅ ስል መለካት ማለቴ ነው።

በኛ ሰፈር ጌም ሲንቀራፈፍ ሁሉም ነገር «ላግ» ነው የሚባለው። ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አንደኛው የኔትወርክ ነው፤ ፒንጉ (መረጃው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ሲሰቀል ሰውየው ከግድግዳ ጀርባ ከገባ በኋላ ይመታችኋል፣ የተኮሳችሁት ዘግይቶ ይቆጠራል፤ የራሳችሁ ካሜራ ግን እንደ ውሃ ይፈስሳል። ሁለተኛው የኮምፒውተሩ ነው፤ ማውሱን ስታዞሩ ራሱ ምስሉ ይቆራረጣል። ለመጀመሪያው የሺህ ዶላር ካርድ ብትገዙ ብራችሁን ነው የምታፈሱት። አንድ ጓደኛዬ ካርድ ቀይሮ ካበቃ በኋላ ነው ችግሩ የዋይፋይ ራውተሩ ከሁለት ግድግዳ ወዲያ መሆኑ እንደሆነ የገባው። አስር ሜትር የኔትወርክ ገመድ ዘረጋና ተገላገለ።

ለሁለተኛው ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ጌም እየተጫወታችሁ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቁጥሮችን ይደረድርላችኋል፤ ካርዱ ስንት ፐርሰንት እየሠራ እንደሆነ፣ ሙቀቱን፣ የካርዱ ሜሞሪ ስንት እንደተያዘ፣ ፕሮሰሰሩን በየኮሩ፣ ራሙን፣ ኤፍፒኤሱን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት)። ይህንን ከፍታችሁ የምትወዱትን ጌም ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። ካርዱ ከ95 በላይ ከሆነና ኤፍፒኤሱ ካነሰ፣ የደከመው ካርዱ ነው። ካርዱ ሃምሳና ስልሳ ላይ ተዝናንቶ ኤፍፒኤሱ ግን ከወረደ፣ ካርዱ የሚጠብቀው ሌላ አካል አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቪሲንክ (ኤፍፒኤሱን በሞኒተሩ ፍጥነት ልክ የሚገድበው ሴቲንግ) መጥፋቱን አረጋግጡ፤ ሞኒተራችሁ 60 ኸርዝ ሆኖ ቪሲንክ ከበራ ካርዱ 60 ከሞላ በኋላ ሆን ብሎ ያርፋል። ሌላ ቀላል ማረጋገጫም አለ። ሬዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ኤፍፒኤሱ ዘለል ካለ ካርዱ ነው፤ ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ነው።

እኔ ሦስት ጌም ለካሁ፤ ሦስቱም የተለያየ ዕቃ ከሰሱ።

ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ካርዱ 60 ፐርሰንት አካባቢ ነበር፤ ጭስ ሲወረወርና አምስት ሰው አንድ ቦታ ሲገናኝ ግን ኤፍፒኤሱ ከ110 ወደ 45 ይወድቃል። ፕሮሰሰሩ ነው። ሳይበርፐንክ 2077 ላይ ካርዱ 99 ላይ ተለጥፎ አይወርድም። እሱ የካርዱ ነው። ወንድሜን ያናደደው ኳሱ ላይ ግን ካርዱም ፕሮሰሰሩም ደህና ነበሩ! ራሙ ከ8 ጊጋ 7.7 ሞልቶ፣ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስኩ ላይ እየገለበጠ ነበር። ታስክ ማኔጀርን ስከፍት ዲስኩ 100 ፐርሰንት ቀልቷል። ያ ኮርነር የቆመው ኮምፒውተሩ አርጅቶ ሳይሆን አንድ ፍሬ ራም ስለጎደለው ነው። በግምት ብሄድ ኖሮ ካርድ ነበር የምገዛው፤ ኮርነሩም መቆሙን ይቀጥል ነበር።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ሁለት ነገር በነፃ አደረግኩ። አንደኛው ፅዳት ነው። የካርዱን ክዳን ስፈታ በፋኑና በብረቱ መሃል አቧራው እንደ ጥጥ ተነጥፎ ነበር፤ በጣቴ ስስበው እንደ ጨርቅ ተያይዞ ነው የወጣው። በብሩሽ ጠረግኩት፣ ፋኑ በአየር ግፊት እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ ነፋሁት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል አንስቼ አዲስ ቀባሁ። ከ84 ዲግሪ ወደ 70 ወረደ። 1060 ደግሞ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስንት ወር ሙሉ ከጉልበቱ እየቀነሰ ሲታገል እንደነበር አስቡት። አዲስ አበባ ላይ ይህ ነገር ይበልጥ ያስፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር የሚያሳልፈው አየር ያንሳል። የውጭ ቪዲዮ ላይ 68 ዲግሪ ያያችሁት ካርድ እናንተ ቤት 73 ቢያሳይ አትደንግጡ።

ሁለተኛው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ውስጥ ያለ አንድ መስመር ነው፤ ኤክስኤምፒ፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራው። ራሜ ላይ 3000 ተብሎ ተጽፏል፤ ሲሠራ የኖረው ግን በ2133 ነው፤ ምክንያቱም ማዘርቦርዱ ራሱ አያበራውም፣ እናንተ ናችሁ የምታበሩት። የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች ውስጣዊ ፍጥነታቸው ከራሙ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ልዩነቱ ይታያል። የእኔ 2933 ላይ ረግቶ ቆመ። ከዚያ ሁለተኛ 8 ጊጋ፣ ከተቻለ ያንኑ ዓይነት፣ ፈልጌ ጨመርኩ። ራም ሁለት ፍሬ ሲሆን መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ሃርድ ዲስኩንም ጌም ከማስቀመጥ አሳረፍኩትና ከእሱ በጣም የሚፈጥነውን ኤስኤስዲ ገጠምኩ። ሳይበርፐንክ ራሱ ከ2.0 ማሻሻያው ጀምሮ በትንሹ ኤስኤስዲ እፈልጋለሁ ይላል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ትልልቁ ዕቃ የሄድኩት። መጀመሪያ የገዛሁት ግን ፕሮሰሰርም ካርድም አይደለም፤ ፓወር ሳፕላይ ነው፣ መብራቱን ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ብር ማውጣት ይሰስታል፤ ኤፍፒኤስ አይጨምርማ። እኔ ግን ከደረሰብኝ ተምሬያለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ «500 ዋት፣ ኦሪጅናል» የተባለ ገዝቼ ነበር። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቋ አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ሁለተኛውን ሃርድ ዲስኬን ይዞ ሞተ። የወንድሜ የመመረቂያ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ስለዚህ ፓወር ሳፕላይ ስትገዙ ካርቶኑን ተዉት፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። +12 ቮልት የሚለውን ፈልጉ፣ ስር ያለውን አምፔር በ12 አባዙ። 500 ዋት ተብሎ ባለ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ከሆነ 216 ዋት ነው፤ ካርዳችሁና ፕሮሰሰራችሁ የሚጠጡት ከዚያ ነው። ከኋላው ቀይ የ115/230 መቀየሪያ ካለው ዲዛይኑ የድሮ ነው፣ ተዉት። በእጃችሁም መዝኑት፤ ደህናው ይከብዳል። ኮምፒውተሩን ደግሞ ፍሪጁና ምጣዱ ከተሰካበት ዲቫይደር ለዩት፤ ከተቻለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ይኑረው። ዩፒኤስ ላይ 650 ቪኤ ተብሎ የሚጻፈው 650 ዋት ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ለጌም ረጅም ሰዓት አያቆይም። ሴቭ አድርጋችሁ በሥርዓት ለማጥፋት ግን ይበቃል። ለእኔ ደግሞ ለሌላ ነገርም አስፈልጎኛል።

ለባዮስ።

የእኔ ዕድል የማዘርቦርዱ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት) ኤኤም4 መሆኑ ነው። የራይዘን ባለቤት ኤኤምዲ ይህንን ሶኬት ከእ.ኤ.አ 2017 የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች እስከ 5000ዎቹ ድረስ አቆየው። በ2010 ዓ.ም በገዛሁት ቦርድ ላይ በእ.ኤ.አ 2022 የወጣ ፕሮሰሰር ይገባል። ቢ350ን ጨምሮ የድሮዎቹ ቦርዶች 5000ዎቹን እንዲቀበሉ የተፈቀደው በዚያው በ2022 ነው፤ ባዮሱ ግን መታደስ አለበት። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፤ አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተገጠመ ባዮሱን ታድሳላችሁ፣ ከዚያ ነው አዲሱ የሚገባው። በድሮዎቹ ቦርዶች ላይ የባዮሱ ቺፕ ጠባብ ስለሆነ አዲሱን ለማስገባት የድሮዎቹን ድጋፍ የሚያስወጡ አሉ፤ ወደኋላ መመለስ ላይኖር ይችላል። የአምራቹ ገጽ ላይ ገብታችሁ የቦርዳችሁን ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል አመሳስሉ።

ያንን ማታ አልረሳውም። ባዮስ ሲታደስ መብራት ከጠፋ ቦርዱ ሬሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ በዚያ ሳምንት በየቀኑ ማለት ይቻላል አመሻሽ ላይ ይሄድ ነበር። ለሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ጠበቅኩ፤ ሰዉ ሁሉ ምጣዱን አጥፍቶ ሲተኛ። ዩፒኤሱን ቀኑን ሙሉ ሞልቼዋለሁ። ፋይሉን ፋት32 በተደረገ ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) አለመብራቱንም አይቻለሁ፤ ከበራ ቁልፉን ሳትጽፉ ባዮስ አትንኩ፣ ፋይሎቻችሁ ሊቆለፉ ይችላሉ። ጀመርኩት። መስመሩ 10፣ 20፣ 30 እያለ ሄደ። 64 ላይ ስትደርስ ክፍሉ ጨለመ። ዩፒኤሱ ጢጥ አለ። ጢጥ፣ ጢጥ። ስክሪኑ ግን በርቷል፣ መስመሯም እየሄደች ነው፤ 65፣ 66። እጄን ኪቦርዱ ላይ ሳላሳርፍ፣ እንደ ቆምኩ፣ እስከ 100 አብሬያት ቆጠርኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳና አዲሱን ባዮስ አሳየኝ። መብራቱ የመጣው ጠዋት ነው።

ያን ዕለት ዩፒኤስ ባይኖረኝ ዛሬ ስለ አዲስ ማዘርቦርድ ነበር የምጽፈው። ከጎረቤት ተዋሱ፣ ከሥራ ቦታ አስፈቅዳችሁ አምጡ፣ ብቻ ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት።

ፕሮሰሰሩን ስትነቅሉም አንድ ነገር አለ። በኤኤም4 ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ቴርማል ፔስቱ ሲደርቅ እንደ ማስቲሽ ስለሚይዝ፣ ኩለሩን (ማቀዝቀዣውን) ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ መንጥቆት ይወጣል፤ ፒኑም ይጣመማል። መጀመሪያ አንድ ከባድ ጌም ለአስር ደቂቃ ከፍታችሁ አሙቁት፣ አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ኩለሩን ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ ጠምዝዙት፤ ራሱ ይለቃል።

በመጨረሻ የገዛሁት ራይዘን 5 5600 ከገባ በኋላ ያው አሮጌ 1060 ባለበት ካውንተር ስትራይክ ላይ ጭሱ መሃል 45 ይወርድ የነበረው ከ90 በታች መውረድ አቆመ። ዊንዶውስ 11ም ያለ ጉልበት ገባ። በዚህ ላይ ሁለት ወር ቆየሁ። ሆን ብዬ ነው፤ ካርዱን መቀየር በእርግጥ ያስፈልገኝ እንደሆነ ማየት ፈልጌ። ሳይበርፐንክን እስከ መጨረሻው መጫወት ስለምፈልግ አስፈለገኝ።

ካርድ ላይ አእምሮዬ ውስጥ ሁለት ነበሩ። አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋ 132 ዋት ይበላል፣ ኤኤምዲ የሚመክረው 450 ዋት ፓወር ሳፕላይ ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ 170 ዋት ይበላል፣ 550 ዋት ይፈልጋል። የእኔ ሞኒተር 1080 ነው፣ ስለዚህ 6600ው ይበቃኝ ነበር። ካርዱ የሚሰካበት የቦርዴ መንገድ ግን የድሮው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ነው፤ 6600 ደግሞ የሚጠቀመው ስምንት መስመር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይጎዳል። ትንሽ ነው፤ አያስከፋም። 6500 ኤክስቲን ግን በአሮጌ ቦርድ ላይ እንዳትገዙ። አራት መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ሜሞሪውም 4 ጊጋ ነው፤ ሜሞሪው ሞልቶ ከራም ሊበደር ሲሄድ መንገዱ ይጠበዋል። በመጨረሻ 3060ውን የወሰድኩት ያገለገለ፣ ግን ፊቴ ተፈትኖ የሚሸጥ ስላገኘሁ ነው። 12 ጊጋውም ለብሌንደር (የ3ዲ ፕሮግራም) ሥራዬ ያግዘኛል።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። እ.ኤ.አ በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈር ሲያበቃ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ዓለምን አጥለቀለቁ። ቆፋሪ ቤት የነበረ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ፋኑን ግን በጣታችሁ አዙሩት፣ ከተንገጫገጨ ደክሟል። ሐሰተኛም አለ። የድሮ ደካማ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ 1060 ነኝ የሚል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእ.ኤ.አ 2018 መጨረሻ ወዲህ ያሉት እትሞች ብዙዎቹን ሐሰተኞች ለይተው ከስሙ ፊት ይጽፉባችኋል። 1060 ተብሎ ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ ካለው ተጠራጠሩ። አርኤክስ 580 የሚሉትንም 2048ኤስፒ ከሆነ ጠይቁ፤ እሱ በጉልበቱ 570 ነው። ሻጩ ሃያ ደቂቃ ጌም ወይም ፈተና እንድታስኬዱ ካልፈቀደ፣ አመስግናችሁ ውጡ። እኔ ሁለት ቦታ ወጥቻለሁ። አንደኛው «ወንድሜ፣ መብራት ያቆጥርብኛል» ነበር ያለኝ።

አሁን፣ ሁሉም ሰው ማደስ አለበት አልልም። የኢንቴል 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ያላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሶኬቱ ከ8ኛው ጋር በስምም በመልክም ይመሳሰላል፣ ግን 8ኛው አዲስ ቦርድ ይፈልጋል። እዚያ ላይ ፕሮሰሰር ማሳደግ ማለት ያገለገለ 7700 መፈለግ ነው፤ ያውም ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። ለእናንተ ቦርድና ፕሮሰሰር አንድ ላይ መቀየር ነው የሚያዋጣው፤ ኤኤም4 ያገለገለ ቦርድ ዛሬም ጥሩ ነው፤ ያላችሁን ዲዲአር4 ራም ይቀበላልና። ወደ አዲሱ ኤኤም5 ከሄዳችሁ ዲዲአር5 መግዛት ግድ ነው፤ በዚህ የራም ዋጋ እኔ አልደፈርኩትም።

ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ገዝታችሁ «ካርድ ጨምሬ ጌም አጫውትበታለሁ» ያላችሁም ብዙ ናችሁ። ይቻላል። ግን መጀመሪያ ክፈቱት። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። ፓወር ሳፕላዩ የራሱ ቅርጽ ስላለው በሌላ አይተካም፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም ብዙ ጊዜ የለውም። ለእንደዚህ ዓይነቱ 75 ዋቱን ከቦርዱ ብቻ የሚወስድ ጂቲኤክስ 1650 አጭሩ ነው የሚሆነው። ገመድ የሚፈልግ የ1650 ዓይነትም ስላለ አይታችሁ ግዙ።

1060ውን በቴሌግራም ለጠፍኩት። ማስታወቂያው ላይ መቼ እንደተገዛ፣ መቼ እንደጸዳ፣ ስንት ዲግሪ እንደሚሠራ፣ የጂፒዩ-ዚውን ፎቶ ሁሉ ጻፍኩ። አንድ አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማር ልጅ ከሰሚት መጣ፤ ኬዙን በፌስታል ጠቅልሎ ራሱ ተሸክሞ። «ቤት ድረስ ገብቼ ብሞክረው ይደብርሃል?» አለኝ። ምንም አይደብረኝም አልኩት። አርባ ደቂቃ ጂቲኤ ተጫወተ። እናቴ ቡና አፍልታ ስለነበር ሁለት ስኒ ጠጣ፣ ቆሎ በላ፣ ዓይኑ ግን ከስክሪኑ ጥግ ቁጥሮቹ ላይ አልተነሳም። የእሱን ፓወር ሳፕላይ ገልብጠን ሠንጠረዡን አብረን አነበብን፤ 12 ቮልቱ 30 አምፔር፣ ማለትም 360 ዋት ነው፤ ለ1060 ይበቃዋል። ሲሄድ ያንን የሲልቨር ስፕሪንጉን ሹራብ አልሰጠሁትም፤ እናቴ ግን አንድ አሮጌ ፎጣ አምጥታ ኬዙን ከነካርዱ ጠቀለለችለት።

ትናንት ማታ ስክሪንሾት ላከልኝ። 71 ዲግሪ ይላል።